ዘፈኔን የሚያቋርጥልኝ ሰው

ዛሬም ዘፈኑ አልተቋረጠም። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ማዳመጫውን በጆሮዬ ሰክቼ፣ የሪያድ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማንደድ ሳትጀምር ለመተኛት ስታገል ይኸው ሰባተኛ ጠዋቴ ነው። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ይሄዳል፣ መጨረሻው ድረስ ይደርሳል፣ ሌላው ይተካዋል፣ የሚያስቆመው ግን ጠፋ። ድሮ ቢሆን ዘፈኑ ስላልተቋረጠበት የሚያዝን ሰው አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር። አሁን ግን በሙሉ ኃላፊነት እናገራለሁ፤ ያልተቋረጠ ዘፈን እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊቱን የግቢ ጠባቂ ነኝ፤ እስትራሃ ይሉታል፣ ቤተሰብ ለአንድ ሌሊት ተከራይቶ የሚዋኝበትና ሥጋ የሚጠብስበት ግቢ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ቆልፌ እጋደማለሁ። ኮቦና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ስደት ያለ ማመልከቻ የተሰጠኝ ነገር ይኸ ብቻ ነው። በዚያችው አስራ ሁለት ሰዓት አባቴ፣ አባ የምለው፣ ኮቦ ላይ ከአልጋው ቀና ይልና ስልኩ ላይ ያለችውን የማጫወቻ ሦስት ማዕዘን ይጫናል። ለሁለታችን ያለን አንድ የሙዚቃ አካውንት ነው፤ አፑ ደግሞ በአንድ ጊዜ ለአንድ ቤት ብቻ ነው የሚዘፍነው። አባ ሲጫን የእኔ ቀጥ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ «በሌላ መሣሪያ እየተጫወተ ነው» የሚል ይወጣል፣ ከሥሩም የመሣሪያው ስም፣ «የአባ ክፍል»። እሱን አነብና እተኛለሁ። አምስት ወር እንዲህ ተኛሁ፣ እንደ ሕፃን፣ አባቱ መብራት እንዳጠፋበት ሕፃን።

አባ በስልክ አያናግረኝም ነበር። ተጣልተን አይደለም። ሕመሙ የጀመረው ሰሞን ቆንጅት፣ ታናሽ እህቴ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ስትለጥፍለት እንደ ዝንብ እሽ ብሎ መለሰው። «የታመመ ሰው በእግር ነው የሚጠየቀው፤ በሽቦ የሚመጣ መብራት ብቻ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ነገር የሚገባኝ ሰው ነኝ፤ ችግሩ የመስመር መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

በእግር መሄድ እችል ነበር። ይኸን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለዚህ ትራስ ግን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጥር ላይ ከፊሌ፣ ማለት ቀጣሪዬ አቡ ናስር፣ እዚህ በር ላይ ቆሞ «ያ ዓለም፣ አባትህ ታሟል አሉ፤ አንድ ወር ሂድና እየው» አለኝ። አላምረው ማለት ስለማይችል ዓለም ነው የሚለኝ። የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን በስልኩ አውጥቶ አሳየኝ፤ ስሜና ፎቶዬ አለ፣ አረንጓዴ ምልክትም አለው። አረንጓዴ ነገር ያስደነግጠኛል። ከሮቢት አብረውኝ የመጡት ልጆች ወደ አገር ሲመለሱ ሰው ጎፈሬያቸውን ሳይሆን ሻንጣቸውን ነው ያየው። እኔን ምን ይዘህ መጣህ ሊሉኝ ነው? ዘጠኝ ዓመት የዋና ገንዳ ስጠብቅ ነበር፣ ውኃው ሳይሰረቅ አስረክቤ መጣሁ ልል ነው? ወሩ ዝም ብሎ አለፈ። ለቆንጅት «ከፊሉ ከለከለኝ» አልኋት። ቃሉ ሲወጣ አልከበደኝም፤ ከፊል ይከለክላል ስለሚባል ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ እሷም አልጠየቀችም። «አባ በየጸሎቱ ይረግመዋል» አለችኝ በሳምንቱ፣ እንደ ምሥራች። በዚያው ሳምንት አቡ ናስር ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ መጣ። ጥርሱ ነው አለ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ በገዛ እጄ ያዝሁለት፤ «አላህ ይስጥህ» አለኝ። ጥርሱ ባይነቀል ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ተነቀለ፣ እኔም ቀለል አለኝ፤ ቅጣቱን እሱ ከጨረሰ ብዬ።

በደለኛ ሰው ዕቃ ይልካል። እኔ ራውተር ላክሁ፣ ለአባ ክፍል ከምትሆን አንዲት ስፒከር ጋር። መስመሩ የገባው ፊት ለፊት፣ ከቆንጅት የልብስ ስፌት ክፍል ነው። አባ የሚተኛው ከጓሮ፣ ከበረቱ ማዶ፣ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር በሆነው በድሮው ጭቃ ቤት። ዋይፋዩ በረቱ ጋ ሲደርስ ይደክማል፤ ላሟ ሙሉ ታገኛለች፣ አባ ባዶ። ይኸን ግፍ ለማስተካከል ሁለተኛ ራውተር ያስፈልግ ነበር። እዚህ እስትራሃው ውስጥም እንዲሁ ነበር፤ የገንዳው ዳር አይደርሰውም ተብሎ ሳሊም የሚባል የመናዊ መጥቶ ሁለተኛ ተከለ፣ አሮጌውን ለእኔ ክፍል ጣለልኝ፤ ሲሠራ እያየሁ ተማርሁ። ሕጉ አጭር ነው። አንደኛው ለየስልኩ አድራሻ ያድላል፣ ሁለተኛው ያቀብላል፤ ሁለቱም ላድል ካሉ ቤቱ ይፈርሳል። ሁለተኛውን ማደሉን አጥፍተህ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከአንደኛው ጋር አንድ አድርገህ፣ በገመድ ታያይዘዋለህ። ከዚያ ሰው ስልኩን ይዞ ከፊት ክፍል ወደ ጓሮ ሲሄድ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደተሻገረ እንኳ አያውቅም። ይኸን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። መሻገር እንዲህ ቀላል ነው።

ሳጥኑን ያደረሰችልኝ ሰይዳ ናት፣ የዋጃ ልጅ፣ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ጠቅልላ ስትገባ። በአባያዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችውና ቀና ብላ አየችኝ። «አያ አላምረው፣ ሰው ራሱ ይገባል እንጂ ሳጥን ይልካል?»

«ከፊሉ ከልክሎኝ ነው።»

«ወላሂ ይኸ ከፊልህ ክፉ ነው፤ የኔዋ እመቤት እንኳ አልቅሳ ሸኘችኝ» አለች።

ገመዱን ስንዘረጋ ሁለት ሰዓት በስልክ ቆየን። አሁንም ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ፣ የቆንጅት፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንደምትናገረው። «የትኛው ቀዳዳ ነው?» «ከአራቱ ባንዱ። ለብቻዋ ቀለሟ የተለየችዋን እንዳትነኪ።» «እሷ ምን ሆነች?» «እሷ ለውጭ ናት፤ ለቤት አትሠራም።» «እንዳንተ» አለች፣ ገመዱንም ሰካችው፣ ሠራም። በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። ገመዱን በጎረቤታችን በእትዬ ጌጤ ቁልቋል አጥር ላይ ነበር ያሳለፍነው፤ በገበያ ቀን የአፋር ግመል አንገቱን አስገብቶ ቅጠል ሲፈልግ አንጠልጥሎት ሄደ። እትዬ ጌጤ በር ላይ ቆማ «የአላምረው ሰላምታ በግመል አንገት ወደ ቆላ ወረደ» ስትል መንደሩ ሁሉ ሳቀ አሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ መሐንዲስ አይስቅም። ከመስኖው ማሳ የተጣለ የጠብታ ጎማ አስፈልጌ፣ ገመዱን በውስጡ አሳልፈው በጓሮ እንዲቀብሩት አዘዝሁ። በኮቦ ሜዳ ያ ጎማ ለሽንኩርት ውኃ ያደርስ ነበር፤ ለአባ ዘፈን ያድርስ አልሁ። የይለፍ ቃሉን እዚያም እዚህም አንድ አደረግሁት፤ ሁለት ቃል የሚችል ጭንቅላት የለኝም። የአባን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍሁ፣ ውዱ፤ ማሽኑ አራት ፊደል አይበቃም፣ ስምንት ይሁን አለ። ሌላ የምጨምረው አጣሁና ያንኑ ደገምሁት።

አባ መጀመሪያ ቀን ሲጫን የእኔ ዘፈን ተቆረጠና ተናድጄ ደወልሁ። ቆንጅት ሳቀች። «ሲጫነው ያንተ እንደሚቆም ነግሬዋለሁ።» «እሱስ ምን አለ?» «‹እንግዲያ በዚሁ ይወቀኝ› አለ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተዋወቅን። አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ እሱ እያቋረጠኝ፣ እኔ እየተቋረጥሁ፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርን። የሚጫወተው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ነው፤ ወንዶቹ እያጨበጨቡ የሚዘሉበት፣ ስለ አገራችን ወንዝ ስለ ጎሊና የሆነ የራያ ጭፈራ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፦

ጎሊና ሞላ አሉ፣ ጎሊና ጎደለ፣
መንገደኛው ቀረ እንጂ ውኃስ መች ከለከለ።

ሌላ ስንት ዘፈን እያለ ለምን ይኸን ብቻ ይጫወታል ብዬ ቆንጅትን ጠይቄያታለሁ። «ይወደዋል» አለች። ይወደዋል ነው ያለችው። እኔም ይወደዋል ብዬ ተውሁት። ሰው የሚወደውን ዘፈን አይመረምርም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት አልተቋረጠም። እሑድም አልተቋረጠም። እኔ ደግሞ ምን አሰብሁ? ራውተሩ። ግመል ነው፣ አይጥ ነው፣ ጎማው ውስጥ ውኃ ገብቷል፣ መብራት ሄዷል። ቆንጅት ስልክ አታነሳም፤ መብራት ስለሌለ ነው አልሁ። ሰኞ ጠዋት አፑን ከፍቼ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ሳይ «የአባ ክፍል» አለ፣ በርቷል፣ አረንጓዴ ነው። መስመሩ ደኅና፣ ራውተሩ ደኅና፣ ስፒከሩ ደኅና። የጎደለው የሚጫን ሰው ብቻ ነው። ይኸኔ ሌላ ሰው ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ምርመራ ላይ ስለነበርሁ አልጠረጠርሁም፤ ስፒከሩ ይሠራ እንደሆነ መሞከር አለብኝ አልሁ። ከዚህ ሆኜ እዚያ ማጫወት እችላለሁ፤ አፑ ይፈቅዳል፣ ቪዛ አይጠይቅም። የአባን ዘፈን መረጥሁ። ድምፁን ከፈትሁት፣ መጨረሻ ድረስ፣ አባ ጆሮው ደከም ስላለ። ተጫንሁ። እዚህ ምንም አይሰማም፤ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉንዳን ትሄዳለች። አንድ ደቂቃ። ሁለት። እየተጫወተ ነው፤ አባ ሰምቶ ፈገግ ብሏል፤ በትሩን አንስቶ ይሆናል። ሦስት ደቂቃ ከአስራ አንድ ሴኮንድ ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። አቋረጠኝ አልሁ።

ወዲያው ቆንጅት ደወለች። ከኋላዋ ብዙ ሰው አለ፣ ብዙ ሴት፣ እንደ ወንዝ የሚጮህ። «አያ» አለች፣ ድምጿ የሷ አይደለም፤ «ዘፈኑን… ተወው። ለቅሶ ነው።»

«የማን?»

ከኋላዋ ሴቶቹ ያንኑ ዘፈን ይዘውታል፤ ግን አይዘሉበትም፣ እየጎተቱ ነው የሚሉት፣ ውኃስ መች ከለከለ፣ ውኃስ መች ከለከለ፣ ደረት እየተመታ።

«የእትዬ ጌጤ» አለች። «እትዬ ጌጤ ሞታ ነው፣ ዛሬ ሠልስቷ ነው። የአጥሩ ማዶ ድንኳን ነው። ይሰማል።»

እንዴት አፈርሁ። በሰው ለቅሶ ላይ ጭፈራ ለቀቅሁ፣ ያውም በሠልስቱ፣ ያውም ገመዴን በአጥሯ ባሳለፈች ሴት ላይ። ያን ቀን አልተኛሁም፤ ለእትዬ ጌጤ አለቀስሁ፣ በእውነት አለቀስሁ፣ በግመሉ ቀልዷ የተቀየምኋትን ይቅር በይኝ አልሁ። ሴቶቹ እንዴት እንደሚወዷት ገረመኝ። ማክሰኞ ልጇን ሙሉጌታን አፈላልጌ ደወልሁ፤ ዋጃ ላይ ሱቅ አለው። «ሙሌ፣ እግዜር ያጽናህ። ያ ዘፈን በስህተት ነው፣ አላወቅሁም። እናትህ ለእኔም እናት ነበረች» አልሁት።

«እናቴ?» አለ። «እናቴ ጎብዬ ገበያ ወርዳለች። ምን ሆነች?»

ሚዛን ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ሙሉጌታ፣ ደግ ሰው ነው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዎ» አለ፤ «ሞታለች። ረስቼው ነው። ነፍሷን ይማር።»

እናቱ መሞቷን የሚረሳ ሰው የለም። በሕይወት ያለች እናቱን ስለ እኔ ብሎ የገደለ ግን አንድ ሰው አየሁ። ስልኩን ዘጋሁ፤ ያኔ ነው ሁሉም ነገር እንደ ሳሊም ገመድ ቦታ ቦታውን የያዘው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ያለ ሰው ሰምቶ ራሱን እንዳይጥል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጠዋት ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። ሪያድ ያለ የራያ ሰው ደግሞ ሥራ የሚፈታው ዓርብ ነው። ስለዚህ አባ ለሁሉም ሰው ቅዳሜ ሞተ፣ ለእኔ ዓርብ ሊሞት ቀጠሮ ተያዘለት። እስከዚያ እኔ አላውቅም። አለማወቅ ሥራ ነው፤ እንደ ጥበቃ ነው፣ እንቅልፍ አያስወስድም። ቆንጅት በየቀኑ ትደውላለች። «አባስ?» እላለሁ። «ተኝቷል» ትላለች። «የራውተሩ መብራት?» «አረንጓዴ ነው።» «ቻናሉን ወደ አስራ አንድ ለውጪው።» «እሽ አያ፣ እንዴት ነው የምለውጠው?» ትላለች፤ ቻናል ማለት ምን እንደሆነ በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቅ ልጅ፣ እንዳልዘጋባት ብላ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ታስነግረኛለች። እኔም እነግራታለሁ። ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ በአባ ክፍል ውስጥ ያለውን ኔትወርክ አጠናከርን። አፍንጫዋን ስትስብ እሰማለሁ፤ ጉንፋን ነው አለችኝ፣ ይማርሽ አልኋት።

በለቅሶው ላይ ዘፈን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። በአባቴ ሠልስት፣ በአባቴ ክፍል፣ በሙሉ ድምፅ። ሬሳው የወጣበት ክፍል ውስጥ የሞተው ሰው ስፒከር በራሱ ሲጨፍር ሴቶቹ ምን አሉ? ልጁ አልሰማም፣ ልጁ ሩቅ ሆኖ እያጫወተለት ነው አሉ ይሆን? ወይስ ግጥሙን ሰምተው ገባቸው? መንገደኛው ቀረ እንጂ። አባስ ያውቅ ነበር? አምስት ወር ጠዋት ጠዋት ይወደዋል የተባለውን ዘፈን ሲጫን፣ ስለ ከፊሉ የነገርኋቸው ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር? ሲረግም ማንን ነበር የሚረግመው? ጥርሴን በምላሴ እነካካለሁ። ሁሉም ደኅና ናቸው።

ጋሼ ይድነቃቸው ትናንት ደወለ። የሮቢት ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እዚህ ካለነው በዕድሜ የሚበልጠን። «ነገ ጠዋት ብቅ እንላለን፤ እንዲሁ፣ ልናይህ» አለ። በዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አይቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ተለማምጃለሁ። ሲናገሩ መጀመሪያ ዝም እላለሁ፤ ቀጥሎ «መቼ?» እላለሁ፤ ከዚያ እወድቃለሁ። የምወድቅበትን ቦታ ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ከወደቅሁ በኋላ ስለ ከፊሉ እውነቱን እናገራለሁ። ይኸኛውን አልተለማመድሁም።

መኪና መጣ። በር ተንኳኳ። አምስት ናቸው፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አወለቁ፣ ገቡ፣ ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ፣ ማንም ትራስ አልተደገፈም። እንዴት አደርህ፣ እግዜር ይመስገን፣ ሙቀቱ ጨመረ፣ ጨመረ። ጋሼ ይድነቃቸው ስልኩን አወጣ። ሰው መናገር ሲያቅተው ስልኩን ያወጣል። «እዚህ ዋይፋይ አለህ እንዴ?» አለ።

«አለኝ። ሁለተኛ ራውተር ነው፤ እስከ በሩ ይደርሳል።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

ማንም እንዳይነግረኝ ብዬ አይደለም። ጠየቀኝ፣ መለስሁ። «የአባቴ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁለት ጊዜ፣ ሳታራርቅ።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በአንድ ጣቱ ይለቅም ጀመር። ሽማግሌ ሲጽፍ ድምፁን አውጥቶ ነው። «ውዱ…» አለ። ጣቱ ቆመ። «ውዱ…» አለ እንደገና፣ አሁን ግን አልጻፈውም፤ አገር ቤት ከድንኳኑ ደጃፍ እንደሚጠሩት ነበር የጠራው። የተቀሩት አራቱ ተቀበሉት። ውዱ፣ ውዱ። ክፍሉ ሞላ። እኔ መቼ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ምንጣፉም ላይ አልወደቅሁም፤ እንደተቀመጥሁ፣ የተለማመድሁት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ያባቴን ስም ከሌሎቹ ጋር አብሬ ጠራሁ።

ለቅሶው ሲበርድ ጋሼ ይድነቃቸው ትከሻዬን ያዘ። «አይዞህ። አንተ ምን ታደርግ፤ ጥፋቱ የዚያ የከፊል ነው። አባትህ ዓይኑ በር በር እያየ… እግዜር ይይለት።» ሌሎቹም ይይለት አሉ።

በሩ ገፋ ብሎ ተከፈተ። አቡ ናስር ነው። ከእኔ ክፍል ልቅሶ ሰምቶ ይሆናል፣ ወይም ነግረውት ይሆናል፤ አንድ ካርቶን ውኃና አንድ ሳህን ቴምር ይዞ፣ ጫማውን እንደነሱ ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ። «አላህ ይማረው፣ ያ ዓለም» አለና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ማደል ጀመረ። አንደኛው ሰው እጁን ወደ ጉያው ከተተ። ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አቡ ናስር ጠርሙሱን ዘርግቶ ቆመ፤ ጥርሱ ከተነቀለበት በኩል ጉንጩ ጎድጎድ ብሏል፤ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ እኔን ያየኛል።

«እሱ አልከለከለኝም» አልሁ።

«ጥር ላይ ሂድ ብሎኝ ነበር። ቪዛውንም አውጥቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ጋሼ ይድነቃቸው እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳ፤ ዘረጋና ጠርሙሱን ከአቡ ናስር ተቀበለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀበሉ። ለእኔ ማን እንዳቀበለኝ አላየሁም፤ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።